ቅዳሜና እሁድን ወደ ዱከም፦ ቀኑ፣ መንገዱና ማዕዱ



አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ «በዚህ ሳምንት መጨረሻ ልጆቹን ይዘን ከከተማ ወጣ ብንል» ሲል መጀመሪያ የሚነሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። መቼ እንሂድ? በየት በኩል እንሂድ? ደርሰንስ ምን እንበላለን? ለአዲስ አበባ ሰው ከቅርብ መልሶች አንዷ ዱከም ናት፤ ከመዲናይቱ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቢሾፍቱ መንገድ ላይ፣ ከየረር ተራራ ግርጌ በተዘረጋው የጤፍ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ። ሦስቱ ጥያቄዎች ተራ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ዛሬ ኢንሻአላህ በዚሁ እንነጋገራለን።

ከቀኑ እንጀምር። ዕረፍት ዛሬ ለሁላችንም እኩል የተሰጠ ይመስለናል። አባቶቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በሀገራችን የሙስሊሞች በዓላት የሥራ መዝጊያ ቀን ሆነው አይታወቁም ነበር። ቢሮውም ትምህርት ቤቱም በዒድ ቀን ክፍት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነትን ሲጠይቁ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻቸው በመንግሥት ዘንድ እንዲከበሩ የሚል ነበር። አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓ (ዐረፋ) እና መውሊድ ሕዝባዊ በዓላት ሆነው ታወጁ። እንግዲህ ዛሬ ቤተሰብ በዒድ ማግስትም ሆነ በሳምንቱ መጨረሻ ተሰባስቦ ሲወጣ፣ አብሮ የማረፍ መብት በጥያቄና በትግል የተገኘ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

ወደ መንገዱ እንሻገር። ዱከምን በዚህ መስመር ካሳወቋት ነገሮች አንዱ የባቡር ሐዲድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በገንዘብ እጥረት ወደቀ፤ ሥራውም ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ከቀጠለ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ እያለ በየጣቢያው ሰውና ዕቃ ያወርድና ይጭን ነበር።

በዚህ ሐዲድ ላይ የሙስሊሞች እጅ ትልቅ ነው። በምሥራቁ በረሃ ከተሠማሩት ሠራተኞች መካከል የሶማሌና የዐፋር ልጆች እንዲሁም ዐረቦች ነበሩ። የየመን ነጋዴዎችም ባቡሩን ተከትለው ወደ መሀል ሀገር ዘልቀዋል። በየትናንሽ ከተማው «ዐረብ ቤት» ይባል የነበረው፣ ከክብሪትና ከጨው እስከ ስኳርና ላምባ የሚሸጠው ሱቅ የእነርሱ ቅርስ ነው።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት 37 ኪሎ ሜትር ለሲራራ ነጋዴ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነበር። ይህ ነገር ከሰላታችን ጋር ይገናኛል። አብዛኞቹ ዑለማእ ሰላትን ለማሳጠር (ቀስር) የሚያበቃውን ርቀት የሁለት ቀን የጭነት ጉዞ አድርገው ለክተውታል፤ በዛሬው መለኪያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር ዱከም ድረስ የሚሄድ ሰው ሰላቱን ሙሉ ይሰግዳል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዳማ የሚዘልቅ ግን የመንገደኛ ፈቃድ ይደርሰዋል። ዝርዝሩን የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። የጉዞ ዕቅድ ስናወጣ የምሳ ሰዓትን ብቻ ሳይሆን ዙህርና ዐስርን የት እንደምንሰግድም አስቀድመን እንወስን።

አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ በዚህ በኩል መመላለሱን አቆመ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሥራ ጀመረ። መኪናው በክፍያ ከተሞቹን ከዳር ትቶ ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። እነዚህ ሁሉ ለሀገር ጥቅም ናቸው። ነገር ግን መንገደኛን በማሳረፍ ለምትኖር ከተማ ፈጣን መንገድ ፈተናም ነው። ስለዚህ ሐሳባችሁ ዱከምን መጎብኘት ከሆነ በቃሊቲና በገላን የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ ያዙ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ልጆችም ከመስኮት የአድአን ሜዳ ይዩ።

ሦስተኛው ማዕዱ ነው። ዱከም በሥጋ ቤቶቿ ስሟ የገነነ ናት። ብዙ ሰው ቅዳሜና እሁድ የሚጎርፍባት ለጥሬ ሥጋና ለጥብስ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አረደው?» የሚል ነው። በሀገራችን ሥጋ ቤቶች በመስቀል ወይም በጨረቃና ኮከብ ምልክት የሚለዩት ለዚህ ነው። ይህ ልዩነት ግን ጠላትነት ሆኖ አልኖረም። ክርስቲያን ጎረቤት ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ለይቶ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ድስቱንም ለብቻ ያደርጋል። ሙስሊሙም እንዲሁ። ይህ ማንም ሳያዝዘው ሕዝቡ ራሱ ያበጀው የመከባበር ሥርዓት ነው። እንግዲህ ዱከም ስትደርሱ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ በትሕትናም ጠይቁ። ሐላሉን ካላገኛችሁ ከቤት የተቋጠረ ስንቅ ነውር የለውም።

ሦስቱን ጥያቄዎች ከመለስን በኋላ የሚቀር አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ማንን እንጠይቅ?» የሚለው ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ተቋቁሟል። በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂየን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ እዚያ ማምረት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከየገጠሩ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹም ሴቶች ልጆች፣ ቤት ተከራይተው ከወላጅ ርቀው በፋብሪካ ሥራ ኖረዋል። ከእናንተ መካከል የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ወይም የሀገር ቤት ጎረቤት ልጅ በዚያ ያላችሁ ትኖሩ ይሆናል። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ መንገድ ላይ ሆና ዓመት ሙሉ ሳትጠየቅ የቀረች ልጅ ካለች፣ ሲለተ ረሒም ከሥጋው ይቀድማል።

እዚህ ላይ የቀኑ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። የሀገራችን የሠራተኛ ሕግ ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይሰጣል። ያቺ ልጅ ልብሷን የምታጥበው፣ እንቅልፏን የምትጠግበውና ለእናቷ የምትደውለው በዚያችው አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ቀጠሮውን ለእኛ በሚመቸን ቀን ሳይሆን እርሷ በምታርፍበት ቀን እናድርገው፤ አስቀድመንም እንደውልላት። ምግቡን ይዘንላት እንሂድ እንጂ እንግዳ መቀበያ ፍለጋ እንድትበደር አናድርጋት። ሲመሻሽም ቶሎ እንሰናበታት፤ በማግስቱ ሥራ ትገባለችና። አባቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲጠይቁ ለራሳቸው ብቻ አልጠየቁም። እኛም የሌላውን ዕረፍት ስናከብር ነው ያንን ውለታ የምንመልሰው።

ጉዟችሁን አላህ የሰላም ያድርግላችሁ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።