የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የተደረገው ጥረትና የትምህርት ድርሻ፤ ከሰሜን ሸዋ አንጻር

መግቢያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የደረሰ መንገደኛ ከአፋፉ ቁልቁል ሲመለከት የአልዩ አምባን ገበያ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ አዋሽ የሚዘረጋውን የአፋር ቆላ ያያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ሸዋን ከዚህ አምባ በሚገዙበት ዘመን ከታጁራ የሚነሣው ቅፍለት ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ በኩል ነበር። በንግድ የተገናኙት የደጋው ክርስቲያንና የቆላው ሙስሊም በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በአኗኗር ቢለያዩም በአንድ ልማድ ይመሳሰሉ ነበር፤ ሁለቱም ሴት ልጃቸውን ይገርዙ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ልማዱ በሰሜን ሸዋ ደጋ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደኖረ፣ ለማስቀረት የተደረገው ጥረት በምን መንገድ እንደ ተጓዘና ከዚህ ጉዞ ለትምህርት ሥራ ምን ቁም ነገር እንደሚገኝ በአጭሩ ለመመርመር ይሞክራል።

ልማዱ የማን ነው?

ልማዱን ሲከላከሉ ከሚሰሙት ቃላት ቀዳሚው «የሃይማኖት ትእዛዝ ነው» የሚለው ነው። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ163 ዓመት በግብፅ የተጻፈ የግሪክኛ ፓፒረስ የአንዲትን ልጃገረድ ግርዛት ይጠቅሳል። የመልክዐ ምድር ጸሐፊው ስትራቦንም በቀይ ባሕር አካባቢ ስለሚኖሩ ሕዝቦች ሲጽፍ ልማዱን አንሥቷል። እንግዲህ ልማዱ ክርስትናም እስልምናም ወደዚህ ምድር ከመግባታቸው በፊት የነበረ ነው።

በአገራችንም ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግርዛት በአጠቃላይ በኢትዮጵያ የሚፈጸመው ፊትን እንደ መብጣት የአገር ልማድ ሆኖ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም እንዳልሆነ አስረድተዋል። ከዚህም ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያኛው ቀን ክርስትና እንድትነሣ ቀን ቆርጦ ሲያዝዝ፣ ለግርዛቷ የወሰነው ቀንም ሆነ ጸሎት የለም። ይህ ዝምታ ለአስተማሪ ትልቅ መረጃ ነው።

የአፈጻጸሙ ልዩነትም ልብ ሊባል ይገባዋል። በቆላው በአፋር ዘንድ ከመቁረጥ አልፎ የመስፋት ልማድ ሲኖር፣ በደጋው የተለመደው ሳይሰፉ መቁረጥ ነው። ደጋው ላይ ድርጊቱ የሚፈጸመው ሕፃኒቱ በተወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በስምንተኛው ቀን ገደማ ነው። ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች፣ ባል አታገኝም፣ ለቤተ ሰቧም መሰደቢያ ትሆናለች የሚለው እምነት እናትን ያስጨንቃታል። ስለዚህ እናቲቱ ልጇን ለምላጭ የምታቀርበው ከፍቅር ማነስ የተነሣ አይደለም፤ የልጇን ነገ ያሳመረች መስሏት ነው። ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ችግር ከድርጊቱ እንደሚመነጩ የነገራት አልነበረም።

የጥረቱ ጉዞ

ጉዳዩ በዓለም አቀፍ ደረጃ በግልጽ መነጋገሪያ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 በካርቱም ባደረገው ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በዳካር የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ይህንንም ኮሚቴ ለብዙ ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ብርሃነ ራስወርቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአገራችን የተመሠረተው ብሔራዊ ኮሚቴ፣ ኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው፣ ግርዛትን ከእንጥል ማስቆረጥና ካለ ዕድሜ ጋብቻ ጋር አያይዞ ማስተማር ጀመረ። ይህም ብልህነት ነበረው፤ ሕዝቡ ስለ እንጥል በነጻነት ከተወያየ በኋላ ለመናገር ወደሚያፍርበት ጉዳይ መሸጋገር ይቀለው ነበርና።

ሕጉ የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የመላቀቅ መብት ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ መስፋትን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ።

ከሕዝብ ጥረቶች ሁሉ ስሙ የታወቀው በከምባታ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የመሩት ነው። በዚያ የማኅበረሰብ ውይይት ተደርጎ፣ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ እስከ መዳር ተደረሰ። የከምባታን መንገድ እንዳለ ወደ አንኮበር ማምጣት ግን አይቻልም። በከምባታ ግርዛት የሚፈጸመው ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ስለሆነ፣ ተማሪዋ ራሷ «አልገረዝም» ልትል ትችላለች። በሰሜን ሸዋ ግን ባለ ጉዳይዋ የስምንት ቀን ሕፃን ናት፤ አትማርም፣ እምቢም አትልም። ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ ነገሩ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት የገባው ስለ ጎጂ ልማዶች የሚያስረዳ ትምህርት የሚያድነው ተማሪዋን ሳይሆን ወደፊት የምትወልዳትን ልጅ ነው።

ቁጥሮቹ የሚሉት

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች የተገረዙት በአገር አቀፍ ደረጃ በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 74 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 65 በመቶ ነበሩ። በአማራ ክልል በ1997 ዓ.ም. 69 በመቶ ያህል የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 62 በመቶ ወርዷል። ልማዱ እንዲቀጥል የሚደግፉት ሴቶችም በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ60 በመቶ ወደ 30 በመቶ ገደማ ዝቅ ብለዋል።

እነዚህ ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በ2008 ዓ.ም. 15 ዓመት የሞላት ልጅ የተወለደችው በ1993 ዓ.ም. ነው። ግርዛት በአራስነት በሚፈጸምበት አገር እንግዲህ ጥናቱ የሚያሳየን የዛሬውን ሥራ ሳይሆን ቢያንስ ከ15 ዓመት በፊት የሆነውን ነው። በአማራ ክልል የታየውም መቀነስ በአብዛኛው የወንጀል ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በተወለዱት ላይ የታየ ነው። ቅጣትን የሚፈራ ሰው ለጠያቂ እውነቱን ላይናገር እንደሚችል ባይዘነጋም፣ ለውጡን የጀመረው ትምህርት እንጂ እስራት እንዳልሆነ ለመገመት ያስችላል። ቅጣቱ ብቻውን ሲቀር ድርጊቱን ወደ ጓዳ ሊያስገባው ይችላል፤ የስምንት ቀን ሕፃን ደግሞ አቤት የምትልበት አንደበት የላትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ትምህርቱ መድረስ ያለበት ከልደት በፊትና በአራስ ቤት መሆኑን ነው። ለእርግዝና ክትትል የምትመጣውን እናት የምታገኛት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለአራሷ ጠበል ሊረጭ የሚመጣው የንስሐ አባት፣ ገንፎ የምታገነፋው አያትና የመንደሩ አዋላጅ ሁሉም በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። በሰንበቴ፣ በጽዋ ማኅበርና በዕድር አስቀድሞ የተመከረበት ነገር ያን ዕለት ፍሬ ያፈራል። በቅርብ ዓመታት በክልሉ የተከሠተው የጸጥታ ችግር የመምህራንንና የጤና ሠራተኞችን ሥራ ስላሰናከለ፣ በሕዝቡ ውስጥ ተተክለው የቆዩት እነዚህ ማኅበራት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋሉ።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 በለንደን ጉባኤ ልማዱን በ2025 ለማስቀረት ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉ የሚፈጸመው ግን አንዲት የአንኮበር አያት የልጅ ልጇን ታቅፋ «ይቺን ተዉአት» ባለች ጊዜ ነው። የመምህሩ ሥራ ያቺን አያት እዚያ ቃል ላይ ማድረስ ነው።