በፓይተን የፋንክሽን ሪፈረንስን መመርመር

የፋንክሽን ሪፈረንስን መመርመር ማለት አንድ ፕሮግራም በመሥራት ላይ ሳለ ተለዋዋጭ የሚያመለክተውን ፋንክሽን ስም፣ ፓራሜትሮች፣ ዲፎልት ዋጋዎችና የተጻፈበትን ቦታ ከፋንክሽኑ ከራሱ ጠይቆ ማወቅ ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን ይህን በሰፊው ይፈቅዳል። በዚህ ቋንቋ ፋንክሽን እንደ ቁጥርና እንደ ጽሑፍ ሁሉ በተለዋዋጭ ሊያዝ፣ በዝርዝር ውስጥ ሊቀመጥ፣ ለሌላ ፋንክሽንም ሊተላለፍ ይችላል። ስሙ ያለ ቅንፍ ሲጻፍ ፋንክሽኑን ራሱን ያመለክታል፤ ቅንፍ ሲጨመርበት ግን ይጠራል፣ ውጤቱም ይመለሳል።

ከ2008 ጀምሮ፣ ማለትም ከፓይተን 3.0 ወዲህ፣ ስሞች በግዕዝ ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ። «ደምር» የተባለ ፋንክሽን ተጽፎ «ሒሳብ» ለተባለ ተለዋዋጭ ቢሰጥና የ«ሒሳብ» ስም ቢጠየቅ፣ መልሱ «ደምር» ነው። ፋንክሽኑ የሚያስታውሰው ሲፈጠር የወጣለትን ስም ብቻ ነው፤ በኋላ በየትኛው ተለዋዋጭ እንደሚጠራ ወይም ስንት ተለዋዋጮች እንደሚያመለክቱት አያውቅም። በላምዳ የሚሠሩ ፋንክሽኖች ደግሞ የራሳቸው ስም ስለሌላቸው ሁሉም «ላምዳ» ብለው ይመልሳሉ። በስህተት መልእክት ላይ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚረዳው በዋነኛነት የመስመር ቁጥሩ ነው።

ስሙ ይበልጥ የሚያሳስተው በዲኮሬተር ጊዜ ነው። ዲኮሬተር ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ፋንክሽን በሌላ ፋንክሽን ይጠቀልላል፤ ስለዚህ ስም ሲጠየቅ የሚመልሰው መጠቅለያው ነው። በ2006 በወጣው ፓይተን 2.5 የተጨመረው «ራፕስ» የመጀመሪያውን ስምና ማብራሪያ ወደ መጠቅለያው ይገለብጣል። ይህ ጠቃሚ ቢሆንም ስሙ የተዋሰ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ መጀመሪያ የሚሠራው ኮድ አሁንም የመጠቅለያው ነው። ከ3.2 ጀምሮ «ራፕስ» ወደ ዋናው ፋንክሽን የሚመራ ሪፈረንስም ያስቀምጣል።

ለምርመራው የተዘጋጀው «ኢንስፔክት» የተባለው ሞጁል ከ2001 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። በ3.3 የተጨመረው «ሲግኔቸር» የተባለው መሣሪያው ፓራሜትሮችን ከነዲፎልት ዋጋቸው ያሳያል። ዲፎልት ዋጋ የሚሰላው ፋንክሽኑ ሲፈጠር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በመሆኑም ባዶ ዝርዝር ዲፎልት ተደርጎ ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አንድ ነገር ቢጨምርበት፣ ከሦስት ጥሪ በኋላ ሦስት ነገሮች ይገኙበታል። ኮዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ባዶ ዝርዝር ያያል፤ ሪፈረንሱን የሚመረምር ግን የሞላውን ያገኘዋል። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደክመው ይህ ስህተት በዚህ መንገድ በአንድ መስመር ይጋለጣል።

ሞጁሉ የፋንክሽኑን ምንጭ ኮድም ማሳየት ይችላል፤ ነገር ግን ኮዱን የሚያነበው በዲስክ ላይ ካለው ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ፋይሉ ከተሻሻለ፣ በሜሞሪ የተያዘው የመስመር ቁጥር የድሮው ስለሆነ የማይሠራ ወይም የሌላ ፋንክሽን ጽሑፍ ሊታይ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ርዝመት እንደሚቆጥረው «ሌን» ያሉ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፋንክሽኖች ደግሞ የፓይተን ምንጭ ስለሌላቸው ጥያቄው በስህተት መልእክት ይቋረጣል።