ስለ ጥቁሩ አበባና ስለ ተሸሸገው ልጅ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ለዛሬው ጨዋታችን የመረጥሁት ነገር ለአንድ ጡረተኛ መምህር የማይገባ ዋዛ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ስለ አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ትርኢት ነውና። ነገር ግን ሰዎች ያለፈውን ዘመን ለጨዋታ ብለው ሲያስመስሉት ምኑን መርጠው ምኑን እንደ ዘለሉት መመልከት ለታሪክ ተማሪ ብዙ ያስተምራል። የምጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ትርኢቱ «ዶክተር ሁ» ይባላል። ቢ.ቢ.ሲ. የጀመረው ኅዳር 23 ቀን 1963 ሲሆን፣ ይኸውም ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ «ዶክተር» የሚሉት ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው በአንዲት ሰማያዊ የፖሊስ ሣጥን እየተጓዘ ወደፈቀደው ዘመንና አገር ይሄዳል። ሣጥኗ ከውጭ ጠባብ፣ ከውስጥ ግን እንደ አዳራሽ ሰፊ ናት። የመጀመሪያዎቹ የጉዞ ጓደኞቹ ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ፤ አንደኛዋ የታሪክ፣ ሁለተኛው የሳይንስ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ልጆች እየተደሰቱ አንድ ቀን ስለ ማርኮ ፖሎ፣ ሌላ ቀን ስለ አዝቴኮች፣ ሌላ ቀን ስለ ፈረንሳይ አብዮት እንዲማሩ ታስቦ ነው። እኔ መቼም መምህር ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሆኖም ሕፃናቱ ከታሪክ ይልቅ ጭራቁን ወደዱ። ስለዚህ ከ1967 መጀመሪያ በኋላ ንጹሕ የታሪክ ጨዋታ ቀረና በየዘመኑ ሁሉ ከሰማይ የወረደ ጠላት ይገባበት ጀመር።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1 እና 2 ቀን 1982፣ በሁለት ክፍል ተከፍሎ አንድ ልዩ ጨዋታ ታየ። ስሙ «ጥቁሩ ኦርኪድ»፣ ደራሲው ተረንስ ደድሊ ነው። ጭራቅ የለበትም፤ ከሰማይ የመጣም የለም። ዘመኑ 1925፣ ቦታው የእንግሊዝ ባላባት የገጠር ቤት፣ ነገሩም የሰው መገደል ነው። ልጄ ከሚኖርበት ከውጭ አገር ይዞልኝ መጥቶ ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያየሁት እርሳስና ወረቀት ይዤ ነው።

የባላባት ቤት ግድያ የሚባለው የድርሰት ዓይነት እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ያሳደጉት ነው። አጋታ ክሪስቲ በጦርነቱ ጊዜ በቶርኪ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ስትሠራ ስለ መርዝ ተምራ ነበርና፣ የመጀመሪያው መጽሐፏ በ1920 ሲወጣ ገዳዩ መሣሪያ መርዝ፣ ቦታውም እንዲህ ያለ ቤት ሆነ። በነዚህ መጻሕፍት እንግዶች ለግብዣ ይሰበሰባሉ፤ ሬሳ ይገኛል፤ ከውጭ የገባ ሰው የለም፤ ስለዚህ ወንጀለኛው ከገበታው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ የካቶሊክ ቄስ በ1929 ለእንዲህ ያለ ድርሰት ዐሥር ሕግጋት አወጣ። ወንጀለኛው በመጀመሪያ ገጾች መታየት አለበት፤ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ኃይል አይገባም፤ የምስጢር መተላለፊያ ቢኖር ከአንድ አይበልጥም፤ መርማሪው ያገኘውን ምልክት ሁሉ ለአንባቢ ሊያሳይ ይገባል። ቄሱ በቀልድ ቢጽፋቸውም ቁም ነገር አለባቸው። ደራሲው ለአንባቢው ታማኝ ይሁን ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ልግባ። ዶክተሩና ሦስት ጓደኞቹ በአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ይወርዳሉ። በዚያ የሚጠብቃቸው ሾፌር ዶክተሩን ለክሪኬት ግጥሚያ ከተጠራ ሌላ ሐኪም ጋር አሳስቶ ወደ ክራንሊ ቤተሰብ ግቢ ይወስዳቸዋል። ዶክተሩ ክሪኬቱን አሳምሮ ይጫወታል። ማታ የጭንብል ግብዣ አለና እንግዶቹም እንዲቀሩ ይለመናሉ። ከጓደኞቹ አንዷ ናይሳ፣ የቤቱ ልጅ ሎርድ ቻርልስ ሊያገባት ያጨውን አንን ቁርጥ ትመስላለች። አን አስቀድማ የታጨችው ለታላቅ ወንድሙ ለጆርጅ ነበረች፤ ጆርጅ ግን ጥቁሩን ኦርኪድ ፍለጋ ወደ ብራዚል ጫካ ሄዶ እንደ ሞተ ተነግሯል። አበባው በቤቱ ውስጥ እንደ ጌጥ ተቀምጦ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።

ጆርጅ ግን አልሞተም። አበባውን የሰረቀው አበባው ከተቀደሰባቸው ሰዎች ነበርና፣ እነርሱ ምላሱን ቆርጠው፣ ፊቱን አበላሽተው፣ አእምሮውንም አሳጥተውት ከሌላ ጎሣ የሆነ ላቶኒ የሚባል ሰው አዳነው። እናቱ እመቤት ክራንሊ ልጇን ተቀብላ በምስጢር መተላለፊያ በኩል ብቻ በሚደረስበት የላይኛው ክፍል ሸሸገችው፤ ጠባቂውም ላቶኒ ሆነ። ጆርጅ ከዚያ ያመልጣል፤ የዶክተሩን የጭንብል ልብስ ሰርቆ ይለብስና ከአን ጋር ይደንሳል፤ ሊያስጥላት የመጣውን ጄምስ የሚባል አሽከር ያንቀዋል። ዶክተሩ ያንኑ ልብስ ለብሶ ሲመጣ አን ገዳዩ ይህ ነው ትላለች።

እንግዲህ በቄሱ ሕግ ስንመዝነው ጨዋታው ብዙ አይመዝንም። ተመልካቹ ዶክተሩ ገዳይ እንዳልሆነ ያውቃል፤ በላይኛው ክፍል የሚኖር ሌላ ሰው እንዳለም ከመጀመሪያው አይቷል። ታዲያ የሚፈታው እንቆቅልሽ የቱ ነው? ይባስ ብሎ ዶክተሩ ንጽሕናውን የሚያስረዳው መርምሮ ሳይሆን የፖሊሱን አዛዥ ወደ ተአምረኛው ሣጥን አስገብቶ በማሳየት ነው። ያም አዛዥ በሁለት ቃል ያምናል! (ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ሣጥኗ የተመሰለችበት የለንደን ፖሊስ ሣጥን የተነደፈው በ1929 ነው፤ በ1925 እንዲህ ያለ ሣጥን ያየ የገጠር ፖሊስ ሊኖር አይችልም።) በእኔ አስተያየት ይህ ድርሰት የመርማሪ ልብስ ይልበስ እንጂ ዘመዱ ሌላ ነው፤ ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ወዳሳተመችው ወደ «ጄን ኤር» ያደላል። በዚያም መጽሐፍ በትልቁ ቤት ላይኛ ክፍል የተሸሸገች ሰው አለች፤ የቤቱ ጌታም እንግዶቹን በሳቅ ያስተናግዳል።

እኔን የያዘኝ እናቲቱ ናት። ዶክተሩ በመተላለፊያው ጠፍቶ ሲንከራተት በቁም ሣጥን ውስጥ ዲግቢ የሚባል የሌላ አገልጋይ ሬሳ ያገኛል፤ ለእመቤቲቱም ያሳያታል። እርስዋም ለእንግዶቹ አትንገር ብላ ትለምነዋለች። ልመናዋን ያከብራል። በኋላ እርሱ ራሱ በነፍስ ግድያ ሲከሰስ ዐይኑን ወደ እርስዋ ያነሣል፤ ምስክሩ እርስዋ ናትና። እርስዋ ግን ዝም ትላለች። ተመልከቱ፤ ይህች ሴት ክፉ አይደለችም። ልጇን ወደ ሰዎች መጠበቂያ ሆስፒታል አልሰደደችውም፤ ከቤቷ አኑራ ታስታምመዋለች። ገመናዋን ለመሸፈን የጀመረችው ሥራ ግን መጀመሪያ አንድ አሽከር፣ ቀጥሎ ሁለተኛ አሽከር በላ፤ አሁንም ያልበደለ እንግዳ ወደ እስር ቤት ሲወሰድ እያየች አንደበቷ አልተፈታም። ገመና ሲሸፈን በመጀመሪያ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አስተውሉ። ባለቤቱ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው ነው።

ይህ የእንግሊዝ ባላባት ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በማስተማር ዘመኔ ከትምህርት የቀረ ልጅ ፍለጋ ወደ አንድ ቤት ሄጄ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ከጓዳ የሰው ድምፅ ሰማሁ። እናቲቱ ተነሥታ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው፤ በዐይኗም እንዳልሰማ አድርገኝ አለችኝ። ተማሪዬ ከትምህርት የቀረው የታመመ ወንድሙን በር ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ራስዋ በሩን ከፈተችና ልጁን ፀሐይ ላይ አወጣችው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት ዐይኑን በእጁ ጋረደ።

ወደ 1925 ልመለስ፤ ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነውና። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የዘመኑን መልክ ለማሳየት ብዙ ደክመዋል። የክሪኬቱ ነጭ ልብስ፣ መኪናው፣ ቻርልስተን የሚባለው ጭፈራ፣ የመጠጡ ብርጭቆ ሳይቀር በቦታው አለ። ሆኖም በ1925 እንግሊዝ ፊቱ የተበላሸ ወጣት እጅግ ብዙ ነበር! ጦርነቱ በምሽግ ውስጥ የሚደረግ ስለ ነበር ጥይቱና የመድፍ ፍንጣሪው ከምሽግ ብቅ ያለውን ራስ ይመታ ነበር። ሃሮልድ ጊሊስ የተባለ ሐኪም በሲድካፕ በ1917 ለተከፈተ ሆስፒታል ኃላፊ ሆኖ ከ5,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቁስለኞች በዚያ ታከሙ፤ ከአንዱ የሰውነት ክፍል ሥጋና ቆዳ እየወሰደ አፍንጫና መንጋጋ ይሠራላቸው ነበር። ዛሬ የፊት ጥገና ሕክምና የምንለው ብዙውን ነገር የተማረው ከዚያ ነው። ፍራንሲስ ደርወንት ዉድ የተባለ ቀራፂም ሐኪም ሊያድነው ላልቻለው ፊት ከቀጭን ብረት ጭንብል እየሠራ ቀለም ይቀባው ነበር። በሲድካፕ ከተማ መንገድ ዳር አንዳንዱን አግዳሚ ወንበር ሰማያዊ ቀለም ቀብተውት ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እዚያ የተቀመጠውን ሰው ፊት አይቶ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ እንዲያውቅ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ የጭንብል ግብዣ ከሚጨፍሩት እንግዶች መካከል ወንድሙ ወይም የጦር ጓደኛው እንዲህ የሆነበት ሰው አይጠፋም ነበር። የጆርጅ ፊት ለእነርሱ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም። ደራሲው ግን ቁስሉን ወደ ብራዚል ጫካ ልኮ፣ አድራጊዎቹንም ስሙ ፈጠራ የሆነ የሕንዶች ጎሣ አደረጋቸው። ልብሱን ከ1925 ወሰደ፤ ሐዘኑን ተወ።

ስለ ብራዚልም ቢሆን የዘመኑ እውነት ከልብ ወለዱ ይበልጣል። በዚያው በ1925 ፐርሲ ፎሴት የተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል የጠፋች ጥንታዊ ከተማ ፍለጋ ከልጁና ከልጁ ጓደኛ ጋር ወደ ማቶ ግሮሶ ገብቶ የመጨረሻ ደብዳቤውን በግንቦት መጨረሻ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱም አልተመለሱም። ሚስቱ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልሞተም ብላ ጠበቀችው። ስለ ተክል መውሰድም ሄንሪ ዊክሃምን ማንሣት ይበቃል። ይህ ሰው በ1876 ወደ 70,000 የሚጠጋ የጎማ ዛፍ ፍሬ ከአማዞን ወደ ለንደን ኪው የአትክልት ቦታ አመጣ። የበቀለው ከ3,000 ያነሰ ቢሆንም ከዚያ የተገኘው ችግኝ ወደ እስያ ተልኮ በኋላ የብራዚልን የጎማ ንግድ አደቀቀው። ለዊክሃም ምላሱን የቆረጠው የለም፤ «ሰር» የሚል ማዕርግ ተሰጠው እንጂ።

በእንግሊዝ ታላላቅ ቤቶች የሚታየው ጌጥ ከየት እንደ መጣ እኛ ኢትዮጵያውያን ለመጠየቅ ምክንያት አለን። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ እንደ ተጫነ ይነገራል። ካህናት ብቻ ሊያዩአቸው የሚገቡ 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም በተዘጋ ክፍል ለብዙ ዓመታት ተቀምጠዋል። አንድ ሌላ ታቦት ደግሞ በኤድንብራ ከተማ አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አግኝተው በ2002 ወደ አገሩ መልሰውታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለአንዱ ጌጥ የሆነ አበባ ለሌላው ቅዱስ እንደ ነበረ ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም። ትርኢቱ ግን ያልፋል፤ ጆርጅ መስረቁን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ወደ ጭፈራው ይመለሳል። ላቶኒንም ከንፈሩ ውስጥ ገል ያለበት በመሆኑ ተመልካቹ እንዲደነግጥበት በጨለማ ብቅ ያደርገዋል። በኦሞ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን የሚያውቅ ተመልካች ግን የሚደነግጥበት ምክንያት የለም። በዚያ ቤት ውስጥ የታመመውን ሰው እንደ ሰው የሚያየው እርሱ ነው።

በ2008 ይኸው ትርኢት እንደገና የባላባት ቤት ግድያ ሞከረ፤ በዚህኛው አጋታ ክሪስቲ ራስዋ ትገባለች። በ1926 ታኅሣሥ ለ11 ቀን ጠፍታ በሃሮጌት ሆቴል በሌላ ስም ተመዝግባ የተገኘችበት እውነተኛ ታሪክ አለና፣ ምክንያቱ አንድ ከሰማይ የመጣ ትልቅ ተርብ ነው ይላሉ። ያስቃል። ባልዋ ሌላ ሴት እንደ ወደደና እርስዋም የተመዘገበችው በዚያችው ሴት የቤተሰብ ስም እንደ ሆነ ለሚያውቅ ግን ተርቡ አያስፈልግም። እኔ ከሁለቱ የ1982ቱን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ እዚያ ውስጥ የሚያሳዝነው ሰው ነው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ጆርጅ ናይሳን አን መስላው ይዟት ወደ ጣራው ይወጣል። ዶክተሩ ቀስ ብሎ ይህች አን አይደለችም ይለዋል፤ ይለቃታል። ወንድሙ ቻርልስ ሊያቅፈው እጁን ዘርግቶ ሲቀርብ ጆርጅ ወደ ኋላ ይሸሽና ወድቆ ይሞታል። ከዚያ እንግዶቹ ለቀብሩ ይቆያሉ፤ ቤተሰቡም ጆርጅ ስለ ጥቁሩ ኦርኪድ የጻፈውን መጽሐፍ ለዶክተሩ መታሰቢያ ይሰጠዋል። የጄምስና የዲግቢ ቀብር አይታይም።