ሐዲዱ አያት ላይ ለምን ቆመ?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው አያት ላይ ነው። ከተማዋ ግን እዚያ አላበቃችም። ከአያት ወዲያ የካ አባዶ አለ፣ ቦሌ አራብሳ አለ፣ ለገጣፎ አለ። የእነዚህ ሠፈሮች ነዋሪ ጠዋት ባቡር ልሳፈር ቢል መጀመሪያ ባቡሩ ወዳለበት ለመድረስ ታክሲ ወይም አውቶቡስ መሰለፍ አለበት። አያት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ ብዙው ሰው ሐዲዱን እያየ በሚኒባስ እስከ መገናኛ ይቀጥላል።

«ለምን አልተራዘመም? ለምንስ ባቡሩ አነሰ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገንዘብ የለም። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። በዚህች አገር ታሪክ ሐዲድ ለመዘርጋት ገንዘብ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሲጠፋ የኖረው የተዘረጋውን በሕይወት ለማቆየት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንየው።

▪️ ገንዘብ ያለቀበት ቦታ ከተማ ሆነ

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም ከጅቡቲ ተነሣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ቆላውን አቋርጦ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣቱ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ባቡሩ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ሜዳው ድሬዳዋ ሆነ።

ገንዘቡም እዚያው አለቀ። ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ለመቀበል የገባው ውል ምኒልክን አስቆጣ፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለገንዘቦች ሽኩቻ ተጨመረበት፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ነው ሐዲዱ እንደገና የተንቀሳቀሰው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የመጀመሪያው ፈቃድ ከተፈረመ 23 ዓመት አልፎት ነበር። ዛሬ ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

ያ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ በር ሆኖ አገለገለ። አሟሟቱ ግን ቀስ ያለ ነበር። መንገድ ተሠራ፣ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው፣ ገቢው ሲያንስ ጥገናው ቀረ፣ ጥገናው ሲቀር ባቡሩ መውደቅና መዘግየት አበዛ፣ ሲዘገይ ደንበኛው ይበልጥ ሸሸ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳት ሳይጠናቀቅ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከለገሃር የሚነሣው አገልግሎት ተቋረጠ። ሐዲዱን የገደለው የገንባታ ገንዘብ እጦት አልነበረም። የዓመት የዓመቱን ጥገና የሚሸፍን የታወቀ ምንጭ አልነበረውም።

▪️ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ

ከተማ መጓጓዣን ይከተላል። ለገሃር ሲከፈት ከጣቢያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ የንግድ መንገድ ሆነ። በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ደግሞ ከተማዋ ፊቷን ወደዚያ አዞረች። ከደርግ ዘመን ወዲህ ሲኤምሲ መጣ፤ ስሙንም እዚያ ቤቶችን ከሠራው የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ወሰደ። ከዚያ የአያት የሪል እስቴት ቤቶች፣ ቀጥሎም ኮንዶሚኒየም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የመጀመሪያ ሙከራው የተደረገው ቦሌ ገርጂ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ወደ ዳር ሄደ።

የዳሩ መሬት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ርካሽ ነበር። ቤቱ ርካሽ መሬት ላይ ሲሠራ ቅናሹ በሌላ በኩል ይከፈላል። ከካዛንቺስ ወይም ከልደታ ተነሥቶ ቦሌ አራብሳ የገባ ቤተሰብ የቤት ኪራይ ቢተርፈውም ትርፉን ለታክሲ ይከፍለዋል፤ በዚያ ላይ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያልፋል። ይህ ወጪ በየትኛውም የቤቶች ግንባታ በጀት ውስጥ አልተጻፈም።

▪️ 475 ሚሊዮን ዶላር እና 6 ብር

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከቻይናው ሲአርኢሲ ጋር የገባው ውል 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር፣ ቀሪው ከመንግሥት። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚወስደው የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። የምሥራቅ ምዕራቡ 17.4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 22 ጣቢያዎች አሉት። ባቡሮቹ 41 ነበሩ። ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት በየትም አገር የሚያስመሰግን ነው። ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው።

ታሪፉ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ዶላር ያኔ ወደ 21 ብር ገደማ ነበር። አንድ ባቡር ወደ 300 ሰው ይይዛል እንበል፤ ሁሉም ከዳር እስከ ዳር የሚሄድና 6 ብር የሚከፍል ቢሆን በአንድ ጉዞ 1800 ብር ይገኛል። ያኔ ይህ ወደ 85 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላሩ 130 ብር ካለፈ በኋላ ያው 1800 ብር 14 ዶላር አይሞላም።

ሒሳቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ የሚያገኘው ብር ነው። ብድሩ፣ መንኮራኩሩ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያው፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱ የሚከፈሉት በዶላር ነው። መጀመሪያ ላይ ባቡሩን ለ41 ወራት ያንቀሳቀሰው የሼንዘን ሜትሮ ድርጅት ክፍያም በዶላር ነበር። ታሪፉ በእጥፍ ቢጨመር እንኳ ይህን ክፍተት አይደፍነውም፤ ድሃውን ግን ከባቡሩ ያስወርደዋል። መለዋወጫ ለማስገባት ወረፋ መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ከ41 ባቡሮች በሥራ ላይ የቀሩት ከግማሽ በታች ሆኑ። ባቡሩ ሲያንስ ጥበቃው ረዘመ፣ ግፊያው በዛ፣ የሚችለው ወደ ታክሲ ተመለሰ። የጅቡቲው ሐዲድ በብዙ አሥርት ዓመታት የሄደበትን ቁልቁለት ቀላል ባቡሩ በአሥር ዓመት ውስጥ ወረደው።

«እንግዲያው ባቡሩ አክሳሪ ነበር፣ ባይሠራ ይሻል ነበር» የሚሉ አሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። የከተማ ባቡር ትኬት የግንባታውን ዕዳ የሚከፍልበት ከተማ እጅግ ጥቂት ነው። አንበሳ አውቶቡስም ለዘመናት በድጎማ ነው የኖረው። ድጎማ ነውር የለበትም፤ አስቀድሞ ያልታሰበና በየዓመቱ በልመና የሚገኝ ድጎማ ግን ባቡር አያንቀሳቅስም።

▪️ ትርፉ የት ሄደ?

ሐዲዱ ሀብት አልፈጠረም ማለትም ስህተት ነው። ከመገናኛ እስከ አያት በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ዋጋው ምን ያህል እንደናረ ማንም ደላላ ይናገራል። ጭማሪውን ያመጣው ሐዲዱ ብቻ አይደለም፤ ድርሻው ግን ትንሽ አይደለም። ያ ጭማሪ ባለ ሕንፃው ኪስ ገባ፣ ሻጩ ኪስ ገባ፣ ደላላውም ድርሻውን ወሰደ። ባቡሩ ግን ከትኬቱ ብር ሌላ ነገር አላገኘም።

በሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅቱ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ሕንፃ የማልማት መብት ይሰጠዋል፤ ሐዲዱን ከቤትና ከሱቅ በሚያገኘው ይደጉማል። የእኛን ባቡር ያንቀሳቅስ የነበረው የሼንዘን ሜትሮም በአገሩ በዚሁ መንገድ የሚኖር ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2017 የግዙፉ የቤት ልማት ኩባንያ የቫንኬ ትልቁ ባለድርሻ ሆኗል። አዲስ አበባ ከሼንዘን ባቡር የመንዳቱን ሙያ ስትገዛ፣ ባቡሩ የሚበላበትን ዘዴ ሳትጠይቅ ቀረች።

ዘዴው መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። የቻይና የቤት ገበያ ሲወድቅ ቫንኬ ተንገዳገደ፤ ሼንዘን ሜትሮም እ.ኤ.አ. በ2024 ከ33 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ኪሳራ አስመዘገበ። መሬት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ባቡር ከመሬት ዋጋ ጋር ይወድቃል። ቢሆንም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበትና በሊዝ በሚተላለፍበት አገር፣ በጣቢያ ዙሪያ ከሚገኘው የሊዝ ገቢ ለሐዲዱ ጥገና የሚሄድ ድርሻ በሕግ ቢታሰር ኖሮ ቢያንስ የመለዋወጫው ብር ምንጩ ይታወቅ ነበር።

▪️ ወሰን የሚሻገር ሐዲድ

ከአያት ወዲያ መቀጠል ሌላም ጥያቄ አለበት። ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሸገር ከተማ አካል ሆኗል። ወሰን የሚሻገር ባቡር ዕዳውን ማን ይከፍላል? ታሪፉን ማን ያወጣል? በጣቢያው ዙሪያ ያለውን መሬት ማን ያለማል?

ይህ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። የአያት ባቡር ሥራ በጀመረ በቀናት ውስጥ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያስተሳስረውን የጋራ ማስተር ፕላን የተቃወመው ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ከጊንጪ ተነሣ። ብዙ ሕይወት ጠፋ። ዕቅዱ በጥር ወር ተሰረዘ። የተቃውሞው እምብርት መሬት ነበር፤ ከተማ ሲሰፋ ገበሬው በጥቂት ካሳ ይነሣል፣ በመሬቱ የሚከብረው ሌላ ነው የሚል ቁጣ። በምሥራቅ ዳር ሐዲድ የሚያራዝም ሰው ይህን ቁጣ ሳያስብ ካርታ ቢስል ካርታው ወረቀት ላይ ይቀራል። የመሬቱ ዋጋ ጭማሪ ለሐዲዱ ድርሻ ይኑረው ሲባል ለተነሣው ገበሬም ይኑረው ማለት አብሮ ይሄዳል።

▪️ አሁን ቢሾፍቱ

ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል የሚያደርግ ነገር አለ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሯል። የአፍሪካ ልማት ባንክ ፋይናንሱን የማሰባሰቡን ሥራ ለመምራት ተስማምቷል። በዕቅዱ ውስጥ ቦሌንና አዲሱን ማረፊያ የሚያገናኝ የባቡር መስመርም ተነሥቷል። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲሄድ ከተማዋ ተከትላዋለች፤ ወደ ቢሾፍቱ ሲሄድም ትከተለዋለች።

ያኔ መጠየቅ ያለበት የሐዲዱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ በአሥረኛው ዓመት ጥገናውን የሚከፍለው ማን ነው? ብድሩን የሚፈርመው ሰው በሚመረቅበት ቀን ሪባን የሚቆርጠው ነው፤ መንኮራኩሩ ሲያልቅ ግን ወንበሩ ላይ የሚገኘው ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ የዶላር ወጪው በዶላር ገቢ ተደግፏል ወይ? እዚህ ላይ የአየር መንገዱ መስመር ዕድለኛ ነው፤ ተሳፋሪው ዶላር ይዞ የሚመጣ ነው። ከዚያ ገቢ የከተማው ባቡር መለዋወጫም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ሦስተኛ፣ ጣቢያው የት የት ይቆማል? ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ ብቻ ከቦሌ ተነሥቶ በመስኮት አቃቂንና ዱከምን እያየ የሚያልፍበት ባቡር፣ ማለዳ ፋብሪካ የሚገባውን ሠራተኛ አያገለግልም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እንኳ በእነዚህ ከተሞች ይቆም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዲስ ብድር የማይጠይቅ፣ ቢጠይቅም በትንሹ የሚያልቅ ሥራ አለ። የቆሙትን ባቡሮች ጠግኖ መመለስ፤ ከየካ አባዶና ከቦሌ አራብሳ እስከ አያት በሰዓቱ የሚመላለስ አውቶቡስ ማቆም፤ ለአውቶቡሱም ለባቡሩም የሚሠራ አንድ ትኬት ማውጣት። ይህን ለማድረግ አንድ ሜትር ሐዲድ መጨመር አያስፈልግም። ይህን የማይችል አስተዳደር ደግሞ ነገ 40 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቢረከብ ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ነቢይ መሆን አይጠይቅም።