ትለምጂዋለሽ

እስቲ ቡናው እስኪፈላ ስሙኝማ። የማወራችሁ የእህቴን ልጅ ነገር ነው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት፣ ቁመቷ ከእኔ የማያንስ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ዛሬውኑ ብሎክ ታደርገኛለች።

ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ሹራብ ሲያለብሷት ታለቅስ ነበር። ሱፉ ይበላታል ተባለና ሌላ ተገዛላት፤ አለቀሰች። የጥጥ ተገዛላት፤ አሁንም አለቀሰች። ለካ ያስለቀሳት ሱፉም ጥጡም ሳይሆን አንገትጌው ላይ የተሰፋችው የጥፍር ታህል ጨርቅ ኖራለች! እናቷ በምላጭ ፈትታ አወጣችላት፤ ዕንባው ቆመ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ልብስ ከተገዛ መጀመሪያ የሚፈለገው ምላጭ ነው።

የቡናው ነገርማ የባሰ ነው። ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ሲያርፍ እሷ ጆሮዋን ይዛ ትነሳለች። "ምን ዓይነት ቅብጠት ነው!" የሚሉ ዘመዶች አሉን። ደጎቹ ደግሞ "አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ" ይሏታል። ምን ያደርጋል፣ እኔም ብያታለሁ፤ ያውም ስንቴ!

ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማነው አሥራ አራት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። እህቴ ሳምንቱን ሙሉ አለቀሰች። ልጅቱ ግን ስልኳን ይዛ አንድ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቀን ስልክ፣ ማታ ስልክ። በመጨረሻ እህቴ ደወለችልኝ፦

"ጋሼ፣ ልጄን ስልክ በላብኝ። ናና ምከርልኝ።"

ልመክር ሄድኩላችሁ። ግን ምክሬን ከማውጣቴ በፊት "እስቲ የምታይውን አሳዪኝ" አልኳት። ቴሌግራሟን ከፈተች። ያስቀመጠችው ነገር ብዛቱ! አንዱ ስለ ጆሮና ስለ ቆዳ ነው፤ አንዱ ስለ ፍትሕ፤ ሌላው ቀልድ ብቻ።

"እነዚህን ምን አገናኛቸው?" አልኳት።

"ሁሉም አንድ ናቸው አጎቴ። ቁጭ በል፣ ላስረዳህ።" መካሪው ተማሪ ሆንኩ።

በጆሮ ጀመረች። "ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይሰማሃል?" አለችኝ። እውነቴን ነው፣ እስክትጠይቀኝ ድረስ አልሰማሁትም። "አየህ፣ አንጎልህ በር ላይ ዘበኛ አለው። የማይጠቅምህን ድምፅ ከደጅ ይመልስልሃል። የእኔ ዘበኛ በሩን ከፍቶ ተኝቷል፤ ፍሪጁም ይገባል፣ የብረት መቁረጫውም ይገባል፣ ወያላውም ይገባል።" አሜሪካ ያሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ2005 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ ይህን በድምፅ፣ በብርሃንና በንክኪ ከልክ በላይ መረበሽ ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርገው እንደቆጠሩት ነገረችኝ። የወይዘሮ ዘሚ የኑስንም ቃለ መጠይቆች አሳየችኝ። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንንና የጆይ ማዕከልን ያቋቋሙ እናት ነበሩ፤ በየጓዳው የተደበቁ ልጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ ስንት የለፉ።

"አሁን ደግሞ እንደ እኔ ወዳለች ልጅ፣ ወደ ስዊድን እንሂድ" አለች የእህቴ ልጅ። ሄድን።

ስቶክሆልም ውስጥ ግሬታ ቱንበርግ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ የኦፔራ ዘፋኝ፣ አባቷ ተዋናይ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ በባሕር ላይ ስለሚንሳፈፍ ቆሻሻ ፊልም ታየ። ደወል ሲደወል ተማሪው ሁሉ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እሷ መመለስ አቃታት። በአሥራ አንድ ዓመቷ መብላት ተወች፤ ከቤተሰቧ ውጭ ላለ ሰውም መናገር ተወች። በሁለት ወር አሥር ኪሎ ያህል ቀነሰች። ወላጆቿ የበላችውን በደቂቃ መመዝገብ ጀመሩ፤ ከድንችና ከዱቄት የሚሠራ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል የጣሊያን ምግብ አለ፣ ከእሱ አምስት ፍሬ ለመብላት ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጅቶባታል። ኋላም ትምህርት ቤት ምሳ ስትወስድ፣ ዕቃው ላይ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ከተለጠፈበት አትነካውም ነበር።

"ምላጭ!" አልኩኝ ሳላስበው።

"ምላጭ" አለች የእህቴ ልጅ፣ ፈገግ ብላ።

ከዚያስ? ከዚያማ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እኛ ፍልሰታን ስንጾም፣ ያቺ ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ የስዊድን ፓርላማ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈች፦ ለአየር ንብረት ሲባል የትምህርት ማቆም አድማ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻዋን ዋለች፤ የዋለችበትንም ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈች። በማግስቱ ሰው መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ዓመት ዞሮ መስከረም 2012 ሲገባ በየአገሩ አደባባይ የወጣው ወጣት በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር።

"ገባህ አጎቴ? ሹራቡ የሚበላውም፣ ግፍ የሚበላውም ያው አንዱ ቆዳ ነው። ዘበኛው ፍሪጁን ካላስቀረ፣ ግፉንም አያስቀርም።"

ዝም አልኩ። ምን ልበል? ግን ጎልማሳ ነኝና ሽንፈቴን ለመሸፈን "ቀልዱስ ታዲያ?" አልኳት።

ዓይኗ በራ። ታኅሣሥ 2012 ነው። ታይም መጽሔት ግሬታን የዓመቱ ሰው ብሎ መረጣት። ይህ ያላስደሰታቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ፣ ልጅቱ ቁጣዋን ታስታምም፣ ከጓደኛዋ ጋር የድሮ ፊልም ትይ፣ ረጋ ትበል ብለው ትዊተር ላይ ጻፉ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! ግሬታ አልተሟገተችም። ስለ ራሷ የምትጽፍበትን ቦታ ብቻ ቀየረችው፦ ቁጣዋን እያስታመመች ያለች፣ ለጊዜው ከጓደኛዋ ጋር የድሮ ፊልም እያየች የምትዝናና ወጣት ነኝ አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰላችሁ? አላለቀም። አሥራ አንድ ወር ጠበቀች። ጥቅምት 2013 ላይ ትራምፕ በምርጫው ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ ድምፅ ቆጠራው ይቁም ብለው ጮኹ። ይኼኔ የራሳቸውን ቃል አወጣችና፣ ስሙን ብቻ ለውጣ፣ መለሰችላቸው፦ ዶናልድ ቁጣውን ያስታምም፣ የድሮ ፊልም ይይ፣ ረጋ ይበል።

"ብድር በምድር!" ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። "ይቺማ የስዊድን አለቃ ገብረ ሐና ናት!"

"እኔም እንደሱ ነው የምለው" አለች፤ ሳቋን ስሰማ ከወራት በኋላ መጀመሪያዬ ነበር።

ምሳ ቀረበ። እዚያ ቤት አንዲት ከገጠር የመጣች ሠራተኛ አለች፤ ከእህቴ ልጅ በሁለት በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ወጡን አውጥታ፣ እጃችንን አስታጥባ፣ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች። የእሷ ምሳ ሁልጊዜ እዚያ ነው፤ ከእኛ በኋላ፣ ብቻዋን፣ ዱካ ላይ። የእህቴ ልጅ ድርሻዋን በሳህን አነሳችና ተነስታ ተከተለቻት።

"ወዴት ነው?" አለች እናቷ።

"እዚህ ድምፅ ይበዛብኛል።"

እኔና እህቴ ተያየን። አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም ነበር። ሰሙን ሰማን፤ ወርቁ ከጉርሻው ጋር ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ማታ ቤቴ ስገባ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ አዲስ ስቲከር ተለጥፎ አገኘሁ። የዚያ ቤት ሙቀጫ ነው፣ ዘነዘናው እንደተሰካበት፤ ከበላዩ በቀይ ፊደል "ትለምጂዋለሽ" ተጽፎበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበሳችንን አየን። አንዱ "መብራት ጠፋ፣ ምን ይደረጋል፣ ለመድነው" ይላል፤ ሙቀጫው ከተፍ። አክስታችን "ታክሲ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ፤ ይለመዳል" ትላለች፤ ሙቀጫው ከተፍ። እንዲያውም ሰው ያቺን ቃል መጻፍ ፈራ።

ባለፈው እሑድ እንደገና ሄድኩ። ቡናው እንደተቆላ እህቴ ምንም ሳትናገር ሙቀጫውን ብድግ አድርጋ ጓሮ አወጣችው። የዘነዘናው ድምፅ ከሩቅ፣ ታፍኖ መጣ። ልጅቱ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ምሳ ሲቀርብም እህቴ ወደ ማዕድ ቤቱ ዞረችና "ነዪ፣ አንቺም ቅረቢ፤ አብረን እንብላ" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ሠራተኛይቱ በር ላይ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "ግድ የለም እትዬ" አለች፣ "እኔ እዚያው ለምጄዋለሁ።"

ማንም አልተነፈሰም። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

ከዚያ የእህቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ።