የዕለት ቀለም

መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙር አለው። አንድ ሰው ተነሣስቶ ሁሉንም በአንድ ቀን ልድገም ቢል ሊሳካለት ይችላል፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ግን ይታክተዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ ጥንት መላ አበጅተውለታል። መዝሙሩን ዐሥር ዐሥር አድርገው ከፈሉትና እያንዳንዱን ክፍል «ንጉሥ» አሉት፤ በጠቅላላው 15 ንጉሥ ሆነ። 15ቱን ለሳምንቱ ሲያድሉ ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ለረቡዕ፣ ለዓርብና ለቅዳሜ ሁለት ሁለት ደረሳቸው። እሑድ ለነቢያት ጸሎትና ለመኃልየ መኃልይ ሆነች። ውዳሴ ማርያምም እንደዚሁ በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይደገማል። በዚህ ሥርዐት ያደገ ዳዊት ደጋሚ ማለዳ ሲነሣ «ዛሬ ምን ያህል ልድገም?» ብሎ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ልኩን ዕለቱ ይነግረዋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥትን ለመምከር ነው። እንቁላል ግን ስለታገሡት ብቻ ጫጩት አይሆንም፤ ዶሮዋ ካልታቀፈችው ይገማል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ብዙዎቻችን መጽሐፍ ለማንበብ፣ በጠዋት ለመነሣት፣ ገንዘብ ለማጠራቀም እንወስናለን፤ ጥቅምት ሳይጋመስ እንተወዋለን። ከዚያም ጥፋቱን በራሳችን ስንፍና ላይ እንጭናለን። የአብነት ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነገር ነው። ትንሽ የዕለት ልማድ የሚጸናው ሰውየው ከሌላው ሰው የበረታ ፈቃድ ስላለው ሳይሆን፣ ልኩ አስቀድሞ ስለተቈረጠ፣ ሰዓቱ ስለታወቀና የሚሰማው ሰው ስላለ ነው። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ተራ የገበሬ ልጅ ሊቅ ሆኗል፤ በሌሉበት ብርቱ የሚባለውም ሰው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ነገሩ ከፊደል ገበታ ይጀምራል። ሕፃኑ 231 ሆሄያትን የሚማረው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ የዕለቱን ቀለም፣ ማለትም የዕለቱን ትምህርት፣ ይነግሩታል፣ እሱም በስንደዶ እየጠቈመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለዋል። «ሀ ሁ»ን ሲጨርስ «አቡጊዳ» ይቀጥላል፤ ፊደሉ በሌላ ቅደም ተከተል ስለሚመጣ በቃሉ የሸመደደው ብቻ አያወጣውም። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስን አንደኛ መልእክት ይይዛል። ያንኑ ንባብ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቈጠረ፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። የወንጌለ ዮሐንስና የዳዊት ተራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ እርምጃ ከሌላው የሚርቀው በጥቂቱ ስለሆነ ልጁ እየተራመደ እንደሆነ እንኳ ላይታወቀው ይችላል።

ይህ ሥርዐት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በቅኔ ቤት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ሄዶ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን አይሞክርም። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ እያለ ይወጣል። ቀን ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤቱ ጥግ ብቻውን ይቀመጣል፤ ቃል ያገላብጣል፣ ሰሙን ከወርቁ ያጋጥማል። ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል። መምህሩ የተሰበረውን ያቃናሉ፣ ቤት ያልመታውን ይመልሳሉ፣ ጓደኞቹም ያዳምጣሉ። የተማሪው ቅኔ ዛሬ ደካማ ቢሆን ነገ ሌላ ይቈጥራል፤ የማይቀረው ሰሚ ፊት መቅረቡ ነው። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል በቀላሉ ያጥፋል፤ የሚጠብቀው ጆሮ እንዳለ ካወቀ ግን ባዶ እጁን መቅረብ ይከብደዋል።

የዜማ ትምህርት ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ትውፊቱ እንደሚለው ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀ ደጋግሞ የሚሞክር ትል አየ፤ ትሉ በሰባተኛው ተሳካለት፣ ያሬድም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ይህን ታሪክ የጽናት ምሳሌ ብቻ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ያሬድ ግን የተመለሰው ወደ መምህር፣ ወደ ጉባኤና ወደ ዕለት ቀለም እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። የዜማው መጽሐፍ ድጓም ቢሆን ዓመቱን ተከትሎ ለየበዓሉና ለየወቅቱ የተደለደለ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ዜማው ግን አልጠፋም። የዜማ ምልክቶቹን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንዳዘጋጁት ይነገራል። ምልክት የሚደረግለት ዜማ የተገኘው በየሌሊቱ በሚቀጽሉ ሰዎች አንደበት ውስጥ ስለኖረ ነው። ብራናውን እሳት ይበላዋል፤ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ማጥፋት ግን ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፦ ይህ ሁሉ ሽምደዳ ነው፣ ልጁ የማይገባውን ቋንቋ ሲደጋግም ዓመታት ያልቃሉ ይባላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ዳዊትን ጠንቅቆ የሚደግም፣ ትርጓሜውን ግን የማያውቅ ሰው በየደብሩ ነበረ፣ አለም። ነገር ግን ሥርዐቱ እዚያ ላይ አላበቃም። ከንባብ በኋላ ቅኔ፣ ከቅኔም በኋላ አንዱን ቃል ከብዙ አቅጣጫ የሚመረምረው የመጻሕፍት ትርጓሜ ይመጣል። በቅኔ ቤት የራስን አዲስ ሐሳብ ማምጣት ግዴታ ነው፤ የሌላውን መድገም አያስመሰግንም። የዕለት ድግግሞሹ ለማሰብ የሚያስፈልገውን ስንቅ አስይዞታል ማለት ነው። ስሕተቱ ስንቁን ይዞ ጉዞውን መተው ነው እንጂ ስንቁን መያዙ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ውሻ ይነክሰዋል፣ ይራባል፣ በአለንጋ ይገረፋል፤ ብዙው ከመንገድ ቀርቷል፣ ሴቶች ልጆችም ከዚህ በር ውጭ ተደርገው ኖረዋል። ታዲያ ልማዱን ያጸናው ሥርዐቱ ሳይሆን ፍርሃት አይደለም ወይ? ግርፋቱንና አድልዎውን ማንም ሊያመካኝለት አይገባም። ሆኖም መልሱ ያለው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ነው። በየቤቱ ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌዎችና ውዳሴ ማርያም የሚያደርሱ እናቶች በላያቸው አለንጋ የያዘ የለም። እነሱን ያዘለቃቸው በዕለት የተቈረጠው ልክና ጎሕ ሲቀድ ያለችው ሰዓት ናቸው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው በጎጃም የታወቁ የቅኔ መምህርት መሆናቸውም በሩ ለሴት መዘጋቱ የችሎታ ጉዳይ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ልክ፣ ሰዓትና ሰሚ ባገኙበት ቅኔው መጣላቸው። እንግዲያው ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወስደው ድልድሉን ነው፤ አለንጋውን ለታሪክ እንተወው።

«ትንሽ ነገር በየቀኑ ምን ያህል ያደርሳል?» ለሚልም መልሱ መደርደሪያ ላይ አለ። አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል በቃል ሲያበጥሩ ኖሩ፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት አለፉ። የእሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ይህን መጽሐፍ አንድ ሰው በአንድ ትኩሳት ሊጽፈው አይችልም ነበር። ሦስቱም ያደጉት ዛሬ ከትናንቱ ላይ ጥቂት በሚጨመርበት ጉባኤ ነውና ያላለቀ ሥራ አላስደነገጣቸውም።

ልማድ ለማበጀት የሚሻ የዛሬ ሰው የግድ ዳዊት ደጋሚ መሆን የለበትም። የሚያነበውን ገጽ፣ የሚራመደውን መንገድ፣ የሚያስቀምጠውን ብር እንደ ንጉሡ ከፋፍሎ ለዕለታቱ ያድል፤ ልኩ በደከመው ቀን እንኳ የሚቻል ይሁን፤ ሲመሽ «ዛሬስ?» የሚለው አንድ ሰው ይፈልግ። የሚያጓድልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ የቀደሙት ድልድል ለዚህም ቦታ አለው። ሰኞ ያመለጠው ሰው ማክሰኞ ሲነጋ የማክሰኞ ሦስት ንጉሥ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ ያመለጠችው ሰኞም ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።