ብረት የጠጣው ጋዝ፤ ከእቶን እስከ ኮምፕዩተር

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ስለ ሃይድሮጅን ሲነሣ «ይህማ የሳይንስ ፋኩልቲ ጣጣ ነው» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። ነገር ግን ኮምፕዩተር ገና ያልቀለጠ ብረትን ጠባይ «ይተነብያል» ሲባል፣ ትንቢቱ ከየት መጣ? በምን ማስረጃ? ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንከተለውም ይህንኑ ጥያቄ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ መጀመሪያ ችግሩን እንየው። ሃይድሮጅን ሲነድ የሚሰጠው ውኃ ነው። በክብደት ሲመዘን ደግሞ ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል አለው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ማስቀመጫው አስቸጋሪ ነው! አንድ ኪሎው በተራ የአየር ግፊት ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይፈጃል። ፈሳሽ እናድርገው ቢባል ከዜሮ በታች እስከ 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ፤ ይኸውም ብረት እንዲጠጣው ማድረግ ነው።

ብረት ጋዝ ይጠጣል ወይ? አዎን፣ ይጠጣል። በ1866 ቶማስ ግራም የተባለው የብሪታንያ ኬሚስት፣ ፓላዲየም የራሱን ይዘት በመቶ የሚቆጠር እጥፍ ሃይድሮጅን እንደሚመጥ አሳየ። እንዲያውም ሃይድሮጅን ራሱ ከብረት ወገን ነው እስከ ማለት ደርሶ «ሃይድሮጅኒየም» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ አልጸደቀለትም፤ ያየው ነገር ግን ጸና። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥንድ ሆነው የሚኖሩት የጋዙ አቶሞች ብረቱ ገጽ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ ከዚያም በብረቱ አቶሞች መካከል ባሉት ክፍተቶች ይገባሉ፤ ብረቱ ሲሞቅ ወይም ግፊቱ ሲቀንስ መልሰው ይወጣሉ።

ፓላዲየም ግን ውድ ነው። ርካሹ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያውም ሳይፈለግ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሆላንድ አገር፣ አይንድሆቨን ከተማ፣ የፊሊፕስ ላቦራቶሪ ሰዎች ጠንካራ ማግኔት ሲያጠኑ የሳማሪየምና የኮባልት ቅይጥ ሃይድሮጅን እንደሚጠጣ አስተዋሉ። ከዚያ ወደ ዘመዶቹ ቅይጦች ዞሩና በ1970 የላንታነምና የኒኬልን ቅይጥ ጠባይ አሳወቁ። ይህ ቅይጥ በተራ ሙቀት ጠጥቶ በተራ ሙቀት የሚመልስ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ፈሳሽ ከሆነው ሃይድሮጅን እንኳ የበለጠ የታመቀ ነው። ጉዱ ክብደቱ ነው! የሚይዘው ከክብደቱ 1.4 በመቶ ያህል ስለሆነ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለመሸከም ከ70 ኪሎ በላይ ብረት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ሬይሊና ዊስዎል በ1968 የማግኒዚየምና የኒኬልን፣ በ1974 የብረትና የቲታኒየምን ቅይጥ አቀረቡ። እስከዚህ ድረስ ዋናው መሣሪያ እቶን ነው፤ አቅልጦ፣ አቀዝቅዞ፣ ጋዝ ሰጥቶ ማየት።

ስሌቱስ ከየት መጣ? መሠረቱን ከጣሉት አንዱ ዋልተር ኮን ነው። በ1923 ቪየና የተወለደው ይህ አይሁዳዊ በ1939 ወደ እንግሊዝ ሸሽቶ ሲተርፍ፣ ወላጆቹ አውሽቪትዝ ላይ ተገድለዋል። በ1964 ከሆኸንበርግ፣ በ1965 ከሻም ጋር ሆኖ ያቀረበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን መንገድ መከታተል አያስፈልግም፣ የት ላይ እንደሚጠቀጠቁ፣ የት ላይ እንደሚሳሱ ማወቅ ይበቃል። ቅዳሜ መርካቶ የሚተራመሰውን ሕዝብ አንድ በአንድ ከመመዝገብ ይልቅ ግፊያው የት እንደሚበረታ እንደማየት ነው። በዚህ መንገድ የአንድ ቅይጥ ጉልበት በኮምፕዩተር የሚሰላ ሆነ። ኮን በ1998 የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። በ1970ዎቹ ስዊተንዲክ የተባለው የአሜሪካ የሳንዲያ ላቦራቶሪ ተመራማሪ፣ በሃይድሮጅን የተሞሉ ብረቶችን ኤሌክትሮኖች አስልቶ አንድ መለኪያ አወጣ፤ በብረት ውስጥ ሁለት ሃይድሮጅኖች ከ2.1 አንግስትሮም በታች አይቀራረቡም የሚል። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ይህ መለኪያ ብዙ ብረቶችን በትክክል ስለገለጸ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ሕግ ከሆነ ደግሞ አንድ ብረት ምን ያህል ሊጠጣ እንደሚችል ጣሪያ ያበጃል ማለት ነው።

ጣሪያው በ2002 ተነደለ። በኖርዌይ ያሉ ተመራማሪዎች ላንታነም፣ ኒኬልና ኢንዲየም ባሉበት ቅይጥ ውስጥ ሃይድሮጅኖቹ እስከ 1.6 አንግስትሮም ድረስ ተጠጋግተው አገኟቸው። በዚያው ዓመት የኦስሎ ሰዎች በኮን መንገድ አስልተው፣ መቀራረቡ ሁለቱ ስለተሳሰሩ ሳይሆን በዙሪያቸው ያሉት ብረቶች መገፋፋታቸውን ስላለዘቡት መሆኑን አስረዱ። ልብ በሉ! ሕጉን ያወጣው ስሌት ነው፤ ሕጉ ለምን እንደተጣሰ የነገረንም ስሌት ነው። በመካከላቸው ግን ያልተለመደ ብረት ወስዶ የለካ ሰው እጅ አለ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስሌት ተጨምሯል። ኮምፕዩተሩ የቀድሞ ልኬቶችን መዝገብ እየተማረ የትኛው ቅይጥ ቢሞከር ይሻላል ብሎ ይመርጣል። እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የቅይጥ ዓይነት ስፍር ቁጥር ስለሌለው ሁሉን አቅልጦ ማየት አይቻልም። ግን መዝገቡ ማን የጻፈው ነው? «ጠጣሁ» ያለው ብረት ተመዝግቧል፤ «እምቢ» ያለው ብዙውን ጊዜ በተመራማሪው ደብተር ቀርቷል። ከነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ገበሬውን እንደሚያጣው ሁሉ፣ ከተሳካው ብቻ የሚማር ኮምፕዩተርም ያልተሞከረውን መንገድ ሊያጣው ይችላል።

እንግዲህ «ኮምፕዩተሩ ብሏል» የሚለው ቃል «ንጉሡ ብለዋል» ከሚለው የበለጠ ማስረጃ አይሆንም። ማን ለካው? ምን ተመዘገበ? ምን ቀረ? እነዚህን ጥያቄዎች የምንማረው እዚሁ ታሪክ ክፍል ውስጥ ነው። ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ጋር የምንነጋገርባቸውም እነዚሁ ናቸውና፣ ክርክሩ ክፍት ነው እንላለን።